በደጃፌ የተደገፈ እሾህ

ጅዳ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የጀውሃ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ እኔ ከዚህ የበለጠ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ በቀጥታ ወደ ተቆጣሁበት ጉዳይ ልግባ። በድምፅ ያልላክሁልሽ በምሠራበት ቤት ሰው ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ግን እዚህ ማንም አያነብብኝም።

ከእናቴ ጋር ታድር የነበረችው የጎረቤት ልጅ ኢልሀም አግብታ መሄዷን ዛሬ ሰማሁ። ያውም ከሌላ ሰው፤ አንቺ አልነገርሽኝም። እናቴ አሁን አሊዩ አምባ በዚያ ሁሉ ቤት ብቻዋን ታድራለች። ዓይኗ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፤ ሰው የምትለየው በድምፅና በእጅ ነው። ቢያማት፣ ብትወድቅ፣ ውሃ የሚያቀብላት ማን አለ? እኔ ባሕር ማዶ ነኝ። አባትሽን አላህ ወስዶታል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

አንቺ ጀውሃ ነሽ፤ እሷ አሊዩ አምባ ናት። አባቴ አህያውን እየነዳ በቆላው ሲመላለስበት የነበረ መንገድ ነው እኮ! የከብት ሐኪም ነኝ ትያለሽ፤ አሊዩ አምባ ከብት የለም? እሺ እሱም ይቅር። ዓርብ ከሰዓት ወጥተሽ ሰኞ ጠዋት ብትመለሺ ማን ያይሻል? የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚያደርገውን ለማድረግ አንቺን ምን ከለከለሽ?

መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ። «እሺ» የሚል ከሆነ አጭር ቢሆንም ይበቃኛል።

አክስትሽ ዘምዘም


ጀውሃ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ ዘምዘም

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? አላህ ባሉበት ሰላምዎን ያብዛልዎ፣ ድካምዎን በመልካም ይክፈልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ለገበያ ወደ ጀውሃ ስወጣ ነው። የምኖርበት ቀበሌ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ኔትወርክ የለም። እንግዲህ «ቶሎ» ሲሉኝ የእኔ ቶሎ የገበያ ቀን መሆኑን ይወቁልኝ።

«ማን ያይሻል?» ብለዋል። ማን እንደሚያየኝ ልንገርዎ። ከእኔ በፊት የነበረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ኤርሚያስ ይባላል። እዚህ የተሰጠውን ቤት ቆልፎ ሸዋ ሮቢት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ብቅ የሚለው በገበያ ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ የጋሼ ዘውዴ በሬ ሆዱ ተነፋ። ሰው ባጃጅ ይዞ ሸዋ ሮቢት ኤርሚያስን ሲፈልግ በሬው ሞተ። ጋሼ ዘውዴ የሚያርሱበት ሌላ አልነበራቸውም፤ የዚያን ዓመት ማሾ የዘሩት በሰው በሬ ለምነው ነው።

ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ሰው አንድ ዘዴ አመጣ። ሲመሽ የግራር እሾህ ቆርጠው የባለሙያው ደጃፍ ላይ ያስደግፋሉ። ጠዋት እሾሁ እንደተደገፈ ካገኙት ባለሙያው እዚያ አላደረም ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ለወረዳው ሪፖርት ያደርጋል፣ ወረዳውም የደመወዝ ቅጣት ይጽፋል። እኔ በመጣሁ ማግስት በሩን ስከፍት እሾሁ ወድቆ እግሬን ወጋኝ። እንኳን ደህና መጣሽ የተባልኩት በዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወር ቀርቶኝ እንኳ ዛሬም ያስደግፉታል።

መመሪያውስ ቢሆን! የቀበሌ ባለሙያ በምድብ ቦታው ይኖራል፤ ያለ ፈቃድ አይለቅም፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ከወረዳ ሲወጣ ያስፈቅዳል። ፈቃድ የሚሰጡን ሰዎች ራሳቸው የሚኖሩት ከተማ ነው፤ እሱን ይተዉት። መንገዱም ቢሆን እንደ አባባ አህያ ጊዜ አይደለም። መኪናው በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ዞሮ ነው አሊዩ አምባ የሚወርደው። መንገድ ካልተዘጋ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሰኞ ጠዋት የት እንደምገኝ አላህ ይወቀው።

እማማን ወደዚህ ላምጣዎ ብያቸው ነበር። «እኔ ሐምዲያ የመንግሥት ቤት አላድርም» አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? እኔንም የሚያስለቅሰኝ ነገር ነው፤ ያልነገርኩዎም እንዲህ እንደሚቆጡ ስለማውቅ ነው።

እርስዎስ? ለዐረፋ እመጣለሁ ብለው ነበር። ዐረፋው አለፈ። እማማ ዘወትር ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?

አክባሪዎ ሂዳያ


ጅዳ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሂዳያ

ሰላሙና በረከቱ ይብዛልሽ። አላህ እግርሽን ከእሾህ ይጠብቅ፤ ይህን ዱዓ ከልቤ ነው የማደርገው። ደብዳቤሽን ግን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ተናደድኩ።

ለበሬ ሐኪም የሚያስፈልገውን ያህል ለእናቴ ሰው አያስፈልጋትም? ልጄ፣ እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሰው በሬ ሞተበት ብሎ ሐኪሟ ላይ እሾህ የሚጥል አገር፣ አሮጊት ብቻዋን ስታድር የሚደገፍ እሾህ የለውም? እናቴ ደጃፍ ላይ ማን ምን አስደገፈ?

እሺ፣ መመሪያ ነው ካልሽ በመመሪያው እንሂድ። ዝውውር ጠይቂ። ምክንያትሽን «አሊዩ አምባ የሚኖሩ ጧሪ የሌላቸው አያቴን ለመርዳት» ብለሽ ጻፊ። ለዝውውር የሚጠየቀው ሁለት ዓመትሽ በየካቲት ይሞላል፤ ወረቀቱ እዚያ እስኪደርስ ይሞላል። ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ሙዐዊያን ልኬዋለሁ። የአክስቴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ጨርቅ የሚሸጠው፤ ታውቂዋለሽ። ሰውም ያውቃል፣ ምላስም አለው። በሽምግልና ከሄደበት ጉዳይ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ዞን ቢሮ እየሄደ ደጅ እንዲጠና አደራ ብዬዋለሁ። አንቺ ማመልከቻሽን ብቻ አስገቢ።

ስለ እኔ መምጣት ደግሞ አትጠይቂኝ። ስመጣ መጣሁ እላለሁ። ለእናቴም «ትመጣለች» በያት፤ ሌላ ምን ትያታለሽ?

አክስትሽ ዘምዘም


ጀውሃ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከነቤተሰባችን ሁሉ ከድንገተኛ ነገር ይሰውረን። ምድር መንቀጥቀጡን ሰምተው ተጨንቀው ይሆናል። እማማ ደህና ናቸው፤ አስቀድሜ ይህን ልበል። ደህና ናቸው፣ ያሉትም እኔ ጋ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ማመልከቻዬን እንዳዘዙኝ በኅዳር አስገባሁ። ታኅሣሥ ላይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚህ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ አሊዩ አምባ ደግሞ የእማማ ጓዳ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ወረዳ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። ኃላፊው ማመልከቻዬን አገላብጦ፣ «የማኅበራዊ ጉዳይ ፈቃድ የሚሰጠው ለሐዘን፣ ለሠርግና ለሕመም ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ከየትኛው ይመደባል?» አለኝ። «ግድግዳው ከወደቀባቸው ሐዘን ይሆናል» አልኩት። «እንግዲያው ያኔ ነይ» አለኝ። ወላሂ፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ።

ያዳነን ወንድሙ የሚባል ሰው ነው። ከዚህ ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። «እኔ ምድብ ቦታ የለኝም፤ እኔ አመጣቸዋለሁ» ብሎ አሊዩ አምባ ድረስ ወረደ። እማማ ግድግዳው ከመሰንጠቁ ይልቅ ፍየላቸው ይፈራል ብለው ነው የተነሡት። እሳቸው ጋቢና፣ ፍየሉ ከኋላ ሆነው መጡ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ውዱእ ሳደርግ እማማ በሩን ሲከፍቱ እሾሁ እጃቸውን ወጋቸው። «ማነው በሰው ደጅ እሾህ የሚጥለው?» ብለው ጮኹ። ጋሼ ዘውዴ ሊፈትሹ መጥተው ቆመው ነበርና አፍረው ነገሩን አስረዷቸው። እማማ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ ከቤቷ ማደሯን ትጠብቁልኛላችሁ ማለት ነው? ደግ። ግን ይቺ አንዷ ምን ታደርግልኛለች? ሸክም አምጡ፤ ለፍየሌ አጥር ቸግሮኛል» አሏቸው። ጋሼ ዘውዴ በማግስቱ ሸክም ሙሉ ይዘው መጥተው አጥሩን ራሳቸው አጠሩ። ደጃፌም ላይ እሾህ ቀረ። እማማ ከደጅ ስለማይጠፉ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ የለም።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ዝውውሩ ይቅር። እማማ እዚህ ናቸው፤ እኔ አሊዩ አምባ ምን ላደርግ እሄዳለሁ? ለጋሼ ሙዐዊያ ደውዬ «ይተዉት» ብላቸው፣ «እኔን የላከችኝ ዘምዘም ናት። ለሽምግልና የተላከ ሰው የላከው ካልጠራው አይመለስም፤ ነውር ነው» አሉኝ። ማመልከቻዬን ራሴ ላንሣ ብል ዞን ደርሷል፣ በአካል ቅረቢ ተባልኩ። ኃላፊው ደግሞ «ለማስገባት ስትሄጂ ፈቅጄልሻለሁ፤ ለማስወጣት ሌላ ፈቃድ የለኝም» አለ። ስለዚህ በእርስዎ አንድ ቃል ነው የሚቆመው። ይህን እንዳነበቡ ለጋሼ ሙዐዊያ ይደውሉላቸው። በአላህ!

ሂዳያ


ጀውሃ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዘምዘም

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ሙባረክ፤ አላህ ጾማችንን ይቀበለን። በየገበያው ቀን ስልኬን ከፍቼ አያለሁ። የጥር ወር ደብዳቤዬ እንደተላከ እንጂ እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ስደውል ስልክዎ ዝግ ነው። ተቆጥተውኝ ከሆነ ይቆጡ፤ ግን ያንብቡልኝ። ጋሼ ሙዐዊያ በየሳምንቱ «ነገሩ ጥሩ እየሄደ ነው» እያሉ ያበስሩኛል። እኔም ብስራታቸውን በሰማሁ ቁጥር መልሼ ወደ እርስዎ እደውላለሁ።

እማማ እዚህ ሰው ሆነዋል። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥሞ ጋሼ ዘውዴም እኛም ጾመኞች ነን። እሳቸው ሰዓታቸው ሲደርስ ሽሮ ይዘው ይመጣሉ፣ እማማ በመግሪብ ተምር ያስቀምጡላቸዋል፤ ከዚያ ስለ ዝናብና ስለ ፍየል ይጨቃጨቃሉ። ፍየል ሲታመምበት የመጣውን ሁሉ የሚቀበሉት እማማ ናቸው። ዳስሰው፣ «ይሄ ጆሮው ግሏል፤ ሂዳያ ትምጣ» ወይም «ይሄስ ጨው አምጣ ነው የሚለው፤ ልጄን አታድክማት» ይላሉ።

ባለፈው ከወረዳ ድንገተኛ ቁጥጥር መጣ። እኔ ወንዙ ማዶ ግመል እየከተብኩ ነበር። ሰዎቹ ደጃፉ ላይ እማማን አገኙና «ባለሙያዋ በምድብ ቦታዋ የለችም?» ብለው ጠየቁ። እማማ ድምፃቸውን ሰምተው፣ «እናንተስ ምድባችሁ የት ነው?» አሏቸው። «ሸዋ ሮቢት» አሉ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ፈቃድ ይዛችኋል?» አንዱ በሳቅ ሞተ፤ ሌላው ግን ስሜን ጻፈ። ስመለስ ክትባቱን ቆጥሮ ሰረዘው፤ ደግነቱ።

እማማ ከሶላት በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ የመጨረሻው ስም የእርስዎ ነው። ጨርሰው ወደ እኔ ይዞሩና «ጻፈች?» ይሉኛል። «ኔትወርክ የለም» እላቸዋለሁ። እስከ መቼ ኔትወርክ የለም እላለሁ? እባክዎ ደህና መሆንዎን እንኳ ይጻፉልኝ። ፈርቻለሁ።

ሂዳያ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በሕይወት አለሁ፣ ደህና ነኝ። የጥር ደብዳቤሽንም የመጋቢቱንም ዛሬ አንድ ላይ አነበብኩ። ወዲያው ሙዐዊያ ጋ ደወልኩ። «ይቅር» ከማለቴ በፊት «እንኳን ደስ ያለሽ! ተፈርሟል!» ብሎ ጮኸብኝ። እንደዚያ ደስ ሲለው ሰምቼው አላውቅም። ምን ልበለው? አመሰገንኩት።

ተናደድሽ አይደል? ተናደጅ፤ መብትሽ ነው። ግን ዝም ያልኩበትን ልንገርሽ፤ ከዚህ በፊት ማንም አያውቅም፤ እናቴም አትስማ።

አሠሪዬ ስልኬን ከታኅሣሥ ጀምሮ ወስዳብኝ ነበር፤ የመለሰችልኝ ዛሬ ነው። «ለመሄድ ፈቃድ ስጪኝ» ማለቴን አበዛሁባት፤ ከአገርሽ እየደወሉ የሚያበላሹሽ ናቸው አለች። ፓስፖርቴ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ በእሷ መሳቢያ ነው። እሷ ፈርማ ካልሰጠችኝ ከዚህ ከተማ አልወጣም። ለዐረፋ እመጣለሁ ስልሽ እሷ ቃል ገብታልኝ ነበር። ከዚያ ልጇ ወለደች፤ ከዚያ የልጇ ልጅ ታመመ፤ ከዚያ ነገሩን አታንሺብኝ አለች።

አንቺ «ያለ ፈቃድ አልወጣም» ብለሽ ስትጽፊልኝ ለምን እንደዚያ እንደጮህኩብሽ አሁን ይገባሽ ይሆናል። ቢያንስ አንቺ አገርሽ ነሽ፤ ቢያንስ አንቺ ደሞዝሽ ተቆርጦም ቢሆን በእግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነበር። አንቺም እንደኔ ታስረሽ ማየት አንገበገበኝ። ቁጣዬ ያ ነው።

እናቴን «ጻፈች፣ ሰላም ትልሻለች» በያት። እኔም እዚህ አላርፍም፤ አሠሪዬን እንደ ሙዐዊያ ደጅ እየጠናኋት ነው።

አክስትሽ ዘምዘም


አሊዩ አምባ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘምዘም

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ አላህ የእርስዎንም መሳቢያ ይክፈትልዎ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ በእርስዎ መናደድ አልቻልኩም። በሌላው ሁሉ ግን ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ያንብቡኝ።

ከየት እንደምጽፍልዎ አዩ? ከእማማ ቤት፣ ከተሰነጠቀው ግድግዳ አጠገብ። ኢልሀምና ባሏ ጭቃ መርገውበታል። እዚህ ኔትወርክ አለ፣ መስኮት አለ፣ ነፋስ አለ። የሌለው እማማ ብቻ ናቸው።

የዝውውሩ ደብዳቤ ሲመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ በአዲሱ ምድብሽ ካልተገኘሽ ሥራሽን በፈቃድሽ እንደለቀቅሽ ይቆጠራል የሚል ማሳሰቢያ አብሮ መጣ። እማማን «እንሂድ፣ ወደ ቤትዎ ልንመለስ ነው» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ማን አዛወረሽ?» አሉኝ። «መንግሥት» አልኩ። «መንግሥት አንቺን አዛወረ እንጂ እኔን አላዛወረኝም» አሉ።

ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ጋሼ ዘውዴን ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ ዘውዴ ሄደው ተመልሰው፣ «እውነቷን ነው» አሉኝ። እማማ ያሉት ይህን ነው፦ «አሊዩ አምባ ቤት አለኝ። እዚህ ሰው አለኝ። በዚህ ዓይኔ ከሁለቱ የትኛው ያስፈልገኛል?» እኔ ቤት ውስጥ ስላሉ ብቻቸውን ያልሆኑ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ነኝ። አብሯቸው የነበረው ቀበሌው ነው።

ቤቱን ለተተኪዬ ማስረከብ ነበረብኝ። ሩት ትባላለች፤ ከደብረ ሲና ነው የመጣችው፤ ገና ተመርቃ መውጣቷ ነው። ስትደርስ ሙቀቱን አይታ ልታለቅስ ነበር። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ የመድኃኒቱን ሳጥን ፈርማ ተረከበች። እማማ ግን የመንግሥት ንብረት ስላልሆኑ አልተመዘገቡም፤ እዚያው ቀሩ። «እኔ ብሄድ እሷ ከማን ጋር ታድራለች? ለብቻዋ ትፈራለች» ብለው እኔን ገሠጹኝ! ሩትም እጃቸውን ይዛ አልለቀቀችም። ደጃፏ ላይ እሾህ ያስደገፈ የለም።

እንግዲህ ይኸው። «ጧሪ የሌላቸውን አያቴን ለመርዳት» ብዬ ተዛውሬ፣ አያቴ በሌሉበት ቤታቸውን እጠብቃለሁ። አዲስ ተመዳቢ ስለሆንኩ ደግሞ ለጊዜው ምንም ፈቃድ የለም ብለውኛል። ጋሼ ሙዐዊያ ትናንት ኬክ ይዘው መጡ። በላሁላቸው።

ሂዳያ


ጀውሃ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂዳያ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የደብዳቤውን ራስጌ ደግመሽ አንብቢው። አዎ፣ ጀውሃ። የምጽፍልሽ ለገበያ ወጥቼ ነው፤ አሁን እኔም የአንቺን ቶሎ ለመድኩት።

አሠሪዬ ከዐረፋ በኋላ ድንገት መሳቢያውን ከፈተች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ወጣሁ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ አይሳካም ብዬ ነው፤ ለእናቴም «እመጣለሁ» ስል ስንቴ ዋሽቻለሁ።

ከአስፋልቱ በባጃጅ ስገባ እናቴን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ማነሽ?» አለችኝ። እጄን ሰጠኋት። ያዘችው፣ አገላብጣ ዳሰሰችው። «አላውቅሽም። የማን ፍየል ነው የታመመው?» አለች። «ዘምዘም ነኝ» አልኳት። «የዘምዘም እጅ ለስላሳ ነው» አለች። ሂዳያ፣ እኔ ከአሊዩ አምባው ቤቷ ስወጣ እውነትም እጄ ለስላሳ ነበር። መዳፌን ከፈተችው፤ ሻካራውን በጣቷ እየተከተለች፣ «ይሄን ሁሉ አልጻፍሽልኝም» አለችኝና አለቀሰች። ሩትም ከቤት ወጥታ አብራ አለቀሰች፤ ለምን እንደምናለቅስ ሳታውቅ።

ውሌ አላለቀም። በመጪው ሳምንት ማብቂያ ጅዳ ካልተገኘሁ የሠራሁበት ይቀራል፣ ደግሞም ተመልሼ አልገባም። እናቴ ጉልበቷ አብጧል፤ በዚያ ዳገት መኪና ላይ አላስቀምጣትም። እኔ ወደ አንቺ ልምጣ እንዳልል እሷን እንደገና ጥያት መነሣት ነው፤ አልችልም። ትናንት ማታ እጄን ይዛ «ሂዳያ ብትኖር ሁላችሁንም አንዴ እዳስሳችሁ ነበር» አለች።

ፈቃድ ጠይቂና ነይ ልልሽ ነው። ያን ሁሉ «ማን ያይሻል» ትልሽ የነበረችው ሴትዮ ይህን ስትልሽ ሳቂባት። ሥራሽን አጥተሽ ነይ አልልሽም፤ እኔ በሰው ፈቃድ መኖርን አውቀዋለሁ። ከፈቀዱልሽ ግን ፍጠኚ።

ዘምዘም


ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዘምዘም

እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ፤ አልሐምዱሊላህ! ደብዳቤዎን ገበያ መካከል ቆሜ አንብቤ ሰው እስኪያየኝ ጮኽኩ።

ፈቃድ ጠየቅሁ። ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል ተባልኩ። ተወካያቸው ጋ ገባሁ፤ «እኔ እፈርምልሻለሁ፤ ማኅተም ግን የለኝም» አለኝ። ማኅተሙ የት ሄደ አልኩ። ከኃላፊው ጋር ስብሰባ ሄዷል። መቼ ይመለሳሉ አልኩ። ሲያልቅ። እትዬ ዘምዘም፣ የእርስዎ መሳቢያ እንኳ ተከፍቷል!

የጋሼ ዘውዴን በሬ አልረሳሁም። አንኮበር ያለው ባልደረባዬ የታመመ ከብት ካለ ሊወርድ ቃል ገብቶልኛል። ስልክ ቁጥሩን በገበያውም በመስጊዱም አስነግሬያለሁ፤ የታመሙትን ሁሉ አክሜ ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ደሞዜን ይቁረጡ፤ ማስጠንቀቂያም ይጻፉ፤ የፈለጉትን ያድርጉ። መኪናው እየሞላ ነው፤ ከመግሪብ በፊት እደርሳለሁ ኢንሻአላህ። ይህ ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ከደረሰዎ ለእማማ ይንገሩልኝ፤ እጄን አጥቤ እቀርባለሁ፣ የፍየል ሽታ አለበት።

ስወጣ የእማማን ቤት ቆልፌ የግራር እሾህ ቆረጥኩና ደጃፉ ላይ በደንብ አስደገፍኩት። ሊፈትሹ የሚመጡ ካሉ በከንቱ እንዳያንኳኩ ብዬ ነው። የለሁም።

ሂዳያ